ሃምሳ ደቂቃ ከባሕር ዳር

ሙዘይን ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። አጠገቡ የወደቀው ደም የነካው መቅዘፊያ የዓሣ አጥማጁ የሀምዱ ነበር።

ጥር 2013 ነው፤ ጦርነቱ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ኢንስፔክተር ጸዳለ ከደሴ ስትደርስ ሀምዱ ከዛፍ ጋር ታስሮ፣ ዱላ የያዙ ሰዎች ከበውታል።

«መቅዘፊያው መስክሮበት ምን ትጠይቂዋለሽ?» አለ አንዱ። «ከቀብር በኋላ እናንተ ካልፈረዳችሁ እኛ እንፈርድበታለን!»

«በመረብ ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ ሀምዱ። «መቅዘፊያዬ ግን ጀልባው ላይ ነው የሚያድረው። ማንም ያነሣዋል።»

የሟቹ ሚስት ፈዲላ ደጃፏ ላይ ቆማለች።

«ሱብሒ ሰግዶ ወጣ። አንድ ሰዓት ላይ ሬሳውን አገኙት። ሁለት ሰዓት ላይ ለወንድሙ ለሙስዓብ ደወልሁ።»

«የት ነበር?»

«ባሕር ዳር። ከጅዳ ከተመለሰ ወዲህ እዚያ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከች አለ። ወንድም ማለት እሱ ነው!»

ሙስዓብ ጸዳለን ከላይ እስከ ታች አያት። «ጀናዛው በቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ላይ መውጣት አለበት። ገዳዩ ታስሯል፤ አንቺ ጥያቄ ታበዣለሽ።»

«እንዴት ፈጥነህ ደረስህ?»

«በአውሮፕላን ነዋ! ኮምቦልቻ ድረስ ሁለት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ነው። ሃምሳ ደቂቃ።»

«ስንት ቦታ ተፈተሽህ?»

«ፍተሻ… እንደ ሁልጊዜው። ወንድሜ ሞቶ ስለ ፍተሻ ታወሪኛለሽ?»

ጸዳለ ዞር ብላ ሁለት ቦታ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ዛፉ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«በዚህ ሰሞን አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ስለ ሰልፉ፣ ስላስወለቁት ጫማ ያማርራል። ሙስዓብ የነገረኝ ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ስልክ ላይ ያነበበ ሰው ነው የሚያውቀው። ስልክ በረራ ይኑር አይኑር፣ የሁለት አየር ማረፊያ ስም ከሰጡት ርቀቱንና ደቂቃውን ያሰላል። ኮምቦልቻ ጠየቅሁ። ዛሬ ከባሕር ዳር የመጣ አውሮፕላን የለም። በአዲስ አበባ ዞሮ እንዳይባል፣ የአዲስ አበባውም ገና አላረፈም።»

«በመኪና መጥቼ ቢሆንስ?»

«በመኪና ቀን ሙሉ ይፈጃል። በሁለት ሰዓት ተኩል የሚደርስ ሰው መጀመሪያውኑ ቅርብ ነበር። ስለዚህ ከባሕር ዳር በሚያመጣው መንገድ ላይ ያለው ውጫሌ ኬላ ደወልሁ፤ ሚሊሻዎቹ የሚያልፈውን ሁሉ ይመዘግባሉ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሐይቅ አልፈሃል።»

ዱላዎቹ ዝቅ አሉ።

«ሙስዓብ» አለች ፈዲላ፣ «ትናንት መጥተህ የት አደርህ?»

ሙስዓብ «ሐይቁ ዳር ጠበቅሁት» አለ። «ባባታችን መሬት ላይ ሎጅ እንሥራ፣ ፈርምልኝ ብዬ ለመንሁት። ስቆብኝ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«እስከ ነገ ብትቆይ ማን ይጠረጥርህ ነበር?» አለች ጸዳለ።

«የወንድሙን ጀናዛ ሳይሸኝ ቀረ ልባል?»

ሀምዱን ፈቱት። ማንም ይቅርታ አላለውም። ወንዶቹ ቃሬዛውን ሲያነሡ ሙስዓብ ካቴና የገባበት እጁን ዘረጋ። ፈዲላ መሐል ገብታ ገፋችው።

«አትነካውም። ሰው ከጠየቀኝ ወንድሙ አልደረሰም እላለሁ።»