የሳቂታ ምስክር

መምህርቷና ቀያሹ የተዋወቁት በሽንኩርት ተጣልተው ነው።

የአበባ ወዳጆቹ ማኅበር ቅዳሜ ጠዋት በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ይሰበሰባል። አባላቱ የሚያለሙት ዴይሊሊን ብቻ ነው፤ እያንዳንዷ አበባ ማለዳ ፈክታ ሲመሽ የምትረግፍ፣ በማግስቱ በዚያው አገዳ ላይ ሌላ የምትተካ ተክል። ቀያሹ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የዴይሊሊን ሽንኩርት ከአንድ ጣት በላይ አትቅበሩ» ብሎ ለጠፈ፤ ሽንኩርት ያለው ከአፈር በታች ያለውን የተክሉን ክፍል ነው። የማኅበሩን መዝገብ የምትይዘው የባዮሎጂ መምህርት ቀይ እስክሪብቶ አውጥታ ሰረዘችው።

«ይቅርታ፣ ሽንኩርት የለውም። ሥር ነው ያለው።»

«ሁሉም ሰው እንዲህ ነው እኮ የሚለው!»

«እንግዲያው ከትፈህ ጥበሰው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከእሷ ላይ አላነሳም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ስሕተት ይዞላት ይመጣ ጀመር። ግማሹን ሆን ብሎ እንደሚሳሳት የገባት ልቧን ከሰጠችው በኋላ ነበር።

የመዝገቡን ደንብ ያረቀቀችው እሷ ናት። ከዘር በቅሎ ከወላጆቹ የተለየ ተክል አዲስ ስም ይሰጠዋል። ከአገዳው ላይ ያቆጠቆጠ ቡቃያ ግን ተቆርጦ ቢተከልም ያቺው እናቱ ናትና ስም አይገባውም። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ደግሞ «ማን አየ?» የሚል ዓምድ አለ። አባላቱ «ሰው ነገረኝ» በሚል ወሬ ዓመታት አባክነው ስለነበር፣ ምስክር የሌለው ነገር አይጻፍም።

የቀያሹ አባት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለት አበቦችን እያዳቀሉ ዘር ይዘራሉ። ከሁሉ የምታምረውን በሟቿ ቅጽል ስም «ሳቂታ» ሊሏት ነው።

አንድ ከሰዓት፣ መምህርቷና ቀያሹ የሠርጋቸውን ወር እየመረጡ ሳለ፣ እሱ የቀን መቁጠሪያውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለመዝገቡ ሳይሆን ለአንቺ። በሞቴ፣ ለማንም!»

«ለማን እናገራለሁ?»

«አባባ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ እኔ የመስክ ሥራ ላይ ነበርኩ። ችግኞቹ ውኃ አጥተው ደረቁ። ከአንዲት ጎረቤት ግቢ ቡቃያ ቆርጬ በእሱ ማሰሮ ተከልኩና አንዷ ተረፈችልህ አልኩት። አለቀሰ እኮ! አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።»

እጁን ያዘችው። በዚያች ሰዓት ከመቼውም ይልቅ ወደደችው።

በወሩ አባትየው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ማሰሮዋን እንደ ሕፃን ታቅፈው ከስብሰባው ገቡ። ቀያሹ ከኋላቸው ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሳቂታ ብለሽ ጻፊልኝ፣ ልጄ።»

እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ነክቶ ቆመ። «አባባ፣ አንድ ዓመት ብንጠብቅስ?»

«ሐኪሙ ዓመት መች ሰጠኝ?» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊቷን አዩት። «ምን ሆነሻል? ያላመንሽበትን እንደማትጽፊ አውቃለሁ፤ ወደ አንቺ ያመጣኋትም ለዚህ ነው። ከዘር አይደለችም?»

ቀያሹ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ እንዳትነግሪው ማለቱ ነበር።

«አይደለችም» አለች።

«ማን አየ?»

ጥያቄው የራሷ ነበር። ሃያ ሰው መልሷን ይጠብቃል። «ልጅዎ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም ራቃት።

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስንት ደረቁ?»

«ሁሉም፣ አባባ።»

«አንድም አልተረፈ?»

«አንድም።»

ማሰሮዋን ከጠረጴዛው ላይ ትተው ባርኔጣቸውን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው «ትክክል ነሽ፣ መምህርት» አሏት። ልጄ ማለታቸው ቀረ።

ቀያሹን መንገዱ ላይ ደረሰችበት። አባቱ ከፊት ለፊት፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ይራመዳሉ።

«ጠየቁኝ እኮ! ልዋሻቸው?»

«ለአንቺ ነበር የነገርኩሽ።»

«እኔ ዝም ብል፣ ነገ ሌላ ሰው...»

«ነገ ሌላ ሰው ይንገረው! አንቺ ለምን?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን አብሬው ቤት ልገባ ነው። በሩን ከዘጋን በኋላ ምን ልበለው? ንገሪኝ። አንቺ መልስ አታጪም።»

በትምህርት ዘመኗ ሁሉ ጥያቄ ሳትመልስ አልፋ የማታውቀው መምህርት አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም። ትንሽ ጠበቃት። ከዚያ ፈጠን ብሎ ሄደና የአባቱን ክንድ ደገፈ።

አባትየው ክረምቱን አላለፉም። ቀያሹም ሥራውን ወደ ሌላ ከተማ አዛወረ።

መልሱ የመጣላት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ የተማሪዎችን ፈተና እያረመች ሳለ። ለአባትየው የሚባል ነገር አልነበረም። ለልጃቸው ግን ነበር፦ «እኔም አብሬህ ቤት ልግባ።»