የታጨደው ሳማ

«ነግሬያቸዋለሁ አላልከኝም?»

ሕሊና የታጨደውን ሳማ በባዶ እጇ እየገለበጠች ጮኸች። ትናንት ከደብሩ አጥር ሥር ወገብ ድረስ ቆሞ የነበረው ሳማ ዛሬ ክምር ሆኗል። በየዓመቱ ንግሥ ሲደርስ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ግቢውን ያጸዳሉ። ዘንድሮ ግን ይቺ ጥግ እንድትቀር ያርጋል መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴን ሊለምን ቃል ገብቶ ነበር።

«ረሳሁት በቃ» አለ ያርጋል፣ ማጭዱን ከኋላው ደብቆ።

«ረሳህ? ትናንት ስጠይቅህ ‹እሺ ብለዋል› አልከኝ እኮ!»

«አቦ አታካብጂ! ሳማ ነው፤ መልሶ ይበቅላል።»

«አባጨጓሬዎቹስ? እነሱም መልሰው ይበቅላሉ?»

የትምህርት ቤታቸው ክበብ በደባርቅ ዙሪያ ቢራቢሮ መቁጠር ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። አባጨጓሬው በዚህ ሳማ ላይ የሚያድገውን ባለ ብርቱካንማ ክንፍ የደጋ ቢራቢሮ ሌላ ቦታ አላገኙትም። መምህር አለምነህ አንድ ቀን በመርፌ የተሰካ የሌላ ዝርያ አሮጌ ቢራቢሮ በፎቶ አሳይተዋቸው ነበር። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የተያዘ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያየው የለም። «ምን ይበላ እንደነበር የጻፈ ሰው ስለሌለ ለምን እንደጠፋ አናውቅም» ብለዋቸዋል።

የሕሊና እጅ ተለብልቦ አብጧል። ከክምሩ ያገኘችው ሦስት አባጨጓሬ ብቻ ነው።

ያርጋል የቆጠራውን ፎርም አየት አደረገ። «እንደ ባለፈው ሳምንት አርባ ብለሽ ሙዪው። ማን መጥቶ ይቆጥራል?»

«አንዱ ውሸትህ አልበቃህም?»

ፎርሙን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «3» ብላ ጻፈች። «ምክንያት» የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ያርጋል አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። የእሱን ስም በትልቁ ልትጽፍ እጇን በላት። ግን መሪጌታን ፈርታ እሱን የላከችው ራሷ አይደለችም?

«ለንግሡ ታጨደ። ቀድመን አልነገርንም» ብላ ጻፈች።

ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ትንሽ ሳማ ቀርቷል። ልጆቹ እየተሳሳቁ ወደዚያው እያጨዱ ነው። ሕሊና ተነሣች። አባጨጓሬዎቹ ያሉበትን የሳማ ቅጠል በያርጋል መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«ወይኔ! ይለበልባል እኮ!»

«ይለብልብህ። እንዳትጥላቸው ብቻ!»

ንዴቷ አልበረደም። መሪጌታ ከወይራው ሥር ቆመዋል። ነጠላዋን አስተካክላ ፊታቸው ቀረበች።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር።»