በንጉሥ አርማዝ ደረት ውስጥ ያለው ውኃ

በድርማት ምድር ዝናብ ከጠፋ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ከንጉሥ አርማዝ ደረት ግን የውኃ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ንጉሡ በተጋደሙ ቁጥር ሳንባቸው ይንቦጫረቃል፤ ሲያስሉ ሮዝ አረፋ ይወጣቸዋል። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ አላቸው። ካህናቱም «የሻማት ሐይቅ ንጉሣችንን ሊወስድ መጥቷል!» ብለው ዐዋጅ አስነገሩ።

የድርማት ንጉሥ ራሱን ከምድሩ ከፍ አድርጎ ላይተኛ በዘውዱ ቀን ይምላል። ስለዚህ ያንን ምስኪን ሰው ያለ ትራስ፣ በድንጋይ አልጋ ላይ በጀርባው ያንጋልሉታል። ሐይቁን ያባብላል ተብሎም ጨው የበዛበት ውኃ ይግቱታል። ሞኝነት ካባ ደርቦ ሲመጣ ማን ደፍሮ ይናገረዋል?

ልጃቸው ናርዳ ሰይፏን ታጠቀች። «የአባቴን ትንፋሽ ሳላስመልስ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች። የተከተሏት ሽማግሌው የመስኖ ጠባቂ፣ አባ ሸንቆ ብቻ ነበሩ።

ሻማት ጭጋግ ለብሶ ተንጣሏል፤ ወፍ እንኳ ዝር አይልበትም። ናርዳ ሰይፏን ስትመዝ ውኃው በአባቷ ድምፅ ተናገረ።

«ከእኔ አንዲት ጠብታ አልጎደለችም። ሌላ ጠላት ፈልጊ።»

አባ ሸንቆ ግንባራቸውን መቱ። «እመቤቴ፣ ተሞኝተናል! የውኃ መዘውር ሲደክም ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳውን ያጥለቀልቃል። ማሳው ምን አጠፋ? የደከመው የጃንሆይ ልብ ነው፤ ደሙን መግፋት ቢያቅተው ነው ውኃው ሳንባቸው ላይ የተኛው።»

«ልብ ይበረታል?» ስትል ናርዳ ሐይቁን ጠየቀችው።

«በሌላ ልብ ጉልበት ይበረታል። የልብሽን ግማሽ ጉልበት ስጪኝ፤ አደርስለታለሁ። መልሺ ብትዪኝ ግን አልመልስም።»

«የእኔን ውሰድ!» አሉ አባ ሸንቆ።

«ያረጀ አልፈልግም።»

ናርዳ ፈራች፤ በጣም ፈራች። ቢሆንም ተንበርክካ ደረቷን ውኃው ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ጣቶች በጎድኖቿ መካከል ሲገቡ ተሰማት።

በአሥር ቀን የሄዱትን መንገድ በአርባ ቀን ተመለሱ። ንጉሥ አርማዝ የድንጋይ አልጋውን አሰብረው፣ ደጅ ድረስ ወጥተው ጠበቋት፤ አቅፈውም ሳሟት። ከዚያ በደስታ ሰክረው የቤተ መንግሥቱን ደረጃ ሦስት ሦስቱን እየዘለሉ ወጡ።

ናርዳ አራተኛው ደረጃ ላይ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ቀስ ይበሉ አባቴ» አለች ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ልደርስብዎት አልቻልኩም።»

ንጉሡ ዞር ብለው አዩዋት። የሚተነፍሱት በማን ጉልበት እንደሆነ ያኔ ገባቸው፤ ወርደው አጠገቧ ተቀመጡ።