የኦቦ ኦዳ የመጨረሻ ጥሪ

ኦቦ ኦዳ ዓለም ገና ከሚገኘው የከድሩ ሕንፃ ደረጃ ሥር ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ። ስልካቸውም የማስረጃ ፋይላቸውም የለም። በማግስቱ ሰበታ አዳራሽ፣ በአዲሱ የቴሌኮም ረቂቅ ሕግ ላይ በሚደረገው ውይይት የአርባ ሦስት ደንበኞችን በደል ሊያሰሙ ነበር። ሰዎቹ ባላዘዙት የዕጣ መልእክት ሂሳባቸው ሲቆረጥባቸው ኖሯል። ሲም ሲያወጡ ሳያውቁ ለዕጣው ያስመዘገባቸውን ወኪል አዛውንቱ ደርሰውበታል፤ ስሙን ግን ለልጃቸው ለጂጂ እንኳ አልነገሯትም።

ጥርጣሬው ባለሕንፃው ላይ ወደቀ። ከድሩ ጣሪያውን ለአንድ ኩባንያ አንቴና ብቻ አከራይቶ ስለነበር፣ «የአንቴና ማማ ለሁሉም ኩባንያ ክፍት ይሁን» ከሚሉት ሽማግሌ ጋር ተጣልቷል።

የሲም ወኪሉ ኤርምያስ ደግሞ ከረባቱን እያስተካከለ ለኢንስፔክተር መኪያ አስረዳት። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። ሰበታ ሰርግ ላይ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ‹ከከድሩ ጋር እየተጨቃጨቅን ነው› አሉኝ። አምስት ደቂቃ አወራን።»

መኪያ ናቀችው። ሳይጠየቅ የሚዘረዝር ሰው አትወድም።

«አባትሽ ስልክ ላይ ብዙ ያወራሉ?» ስትል ጂጂን ጠየቀቻት።

«አባዬ? ካርድ ከሞላ ስምንት ወር አለፈው። ‹ሞልቼ ሌባ አልቀልብም› ይላል። ‹ደውልልኝ› የሚለውን ነፃ መልእክት ይልካል፣ ሰው መልሶ ይደውልለታል።»

በማታው ሁሉንም ከድሩ ሱቅ ሰበሰበቻቸው።

«ባዶ ስልክ አምስት ደቂቃ አያወራም» አለች። «ስለዚህ ከጥሪው በፊት የሞላ አለ። መዝገቡን አስወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አምሳ ብር ገብቷል፤ የላከው የወኪል ቁጥር ነው። ያንተ፣ ኤርምያስ። ቀድመህ ገደልካቸው፣ ስልካቸውን ይዘህ ሰርጉ ቤት ሄድክ፣ ወደ ራስህ ደውለህ ብቻህን ለፈለፍክ። ካርዱን ከሱቅ ብትገዛ ማን ያውቅህ ነበር? ከወኪል ቁጥርህ ስትሞላ የምታገኛት ኮሚሽን አሳሳተችህ። ከሞተ ሰው እንኳ ሳትለቅም አታልፍም።»

«እሳቸው ስሜን ቢያወጡ፣ ሕጉም ቢጸድቅ ፈቃዴን ይነጥቁኝ ነበር» አለ ኤርምያስ። «እንጀራዬን ነው የተከላከልኩት።»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ» አለ ከድሩ።

«ፋይሉስ?» አለች ጂጂ።

«አቃጥዬዋለሁ።» ይህን ሲል አፈር ይብላና ፈገግ አለ።

በማግስቱ የሰበታ አዳራሽ አስተናጋጅ ጂጂን «ተናጋሪው አርፈዋል፣ ሰነድም የለም፤ ተራው ታልፏል» አላት። እሷም ወደ ኋላዋ ጠቆመችው። አርባ ሦስቱም ደንበኞች የዕጣ መልእክቱ ያለበትን ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰልፈው ነበር።