አለሁ ባዩ ጭቃ

በኢታር ወንዝ ዳር በተዘረጋው በሄቡር መንግሥት ሰው ሁሉ የሚፈራው እኩለ ቀንን ነበር። ጥላ ከባለቤቱ እግር ሥር በምትገባባት በዚያች ሰዓት፣ ከሞተ ዘመናት ያለፉት ንጉሥ ኡስራም ከሙታን ኮረብታ ሥር የአንድ ሕያው ሰው ስም ይጠራል። የተጠራውም እግሩ ሳያዝዘው ይነሣል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቃብሩ ይገባል፤ አይመለስም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በሄቡር ሕግ ሙት ሁሉ በወዲያኛው ዓለም ቦይ ይቆፍራል፣ ገብስ ያጭዳል፤ ንጉሥም ቢሆን። ስለዚህ ለሥራ ሲጠሩት በጌታው ፈንታ «አለሁ!» የሚል የሸክላ አገልጋይ አብሮት ይቀበራል። የኡስራምን ሰማያዊ ሸክላ ግን ሌቦች ሰረቁት። ንጉሡም የሚተካለት ቢያጣ ሕያዋንን ይጠራ ጀመር።

በዚያ ቀን የተጠራው ስም «ሜራቢ» ነበር።

ወንድሟ ሸክላ ሠሪው ታሙር ከቤቱ ምሰሶ ጋር በገመድ አሰራት። እግሮቿ ግን መሬቱን እየቧጠጡ መራመዳቸውን አልተዉም።

«ወንድሜ፣ ፍታኝ… አይ፣ አትፍታኝ!»

ታሙር እርጥብ ጭቃ አንሥቶ በሰው አምሳል ቀረጸ። «በአባቴ የሸክላ እሳት እምላለሁ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ይህን በኡስራም እግር ሥር ካላኖርኩ ኢታር ይዋጠኝ!»

የመቃብሩን ውስጥ የሚያውቁት በየቀብሩ ሙሾ የሚያወጡት አልቃሿ እማማ ነብሲት ብቻ ነበሩና ታሙር ወደ እሳቸው ሮጠ። ድመታቸው ስለሞተባቸው እንደ አገሩ ልማድ ቅንድባቸውን ተላጭተዋል።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ቅንድብ የሌላት ሴት አይተህ አታውቅም?» አሉት፣ ሁለት ዳቦ ከረጢቱ ውስጥ እየከተቱ። «ስንመለስ እንበላለን። ትልቁ የኔ ነው፤ ኋላ እንዳንጣላ።»

መቃብሩ የከረመ ዘይት ይሸታል። ጥቂት እንደወረዱ አንዳች ከባድ ነገር ድንጋዩን እየፋቀ መጣ። አካሉ አንበሳ፣ ራሱ አዞ የሆነው የመቃብሩ ጠባቂ ማሁት ነበር። እስትንፋሱ የታሙርን አንገት አረጠበው።

ያን ጊዜ እማማ ነብሲት ፀጉራቸውን በትነው፣ ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ አወጡ። አውሬው ቀብር የመጣ መስሎት እንደ ልማዱ መንገድ ለቅቆ ተኛ።

«አልቅስ እንጂ፣ አንት ጅል!» አሉት በሹክሹክታ። «ማልቀስም ላስተምርህ?»

ማስተማር አላስፈለገም።

አውሬውን አልፈው ሲገቡ፣ ታሙር ጭቃውን ከንጉሡ የሬሳ ሣጥን ሥር አኖረ።

«ሜራቢ!» አለ ከሣጥኑ የወጣው ድምፅ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ጭቃው ዝም አለ።

«ስም የለውማ» አሉ እማማ ነብሲት። «ስም የሌለው ጭቃ አይመልስም። ስሙን የሰጠው ደግሞ እዚሁ ይቀራል፤ ሕያዋንም ሁሉ ይረሱታል። ይህ ሁሉ ሙሾው ውስጥ አለ። ሰው ሙሾ ሲሰማ ያለቅሳል እንጂ ቃሉን መቼ ያዳምጣል!»

«እንግዲያው የኔን ስም…»

«ዝም በል! እህትህ ከረሳችህ ማን አላት? እኔን የሚጠብቀኝ አንድ ድመት ነበር፤ እሱም ቀድሞኛል። ፈርቻለሁ ልጄ። እጄን ያዝልኝ።»

ያዘላቸው። እሳቸውም ወደ ጭቃው ጆሮ ጎንበስ ብለው ስማቸውን ተነፈሱበት።

«ሜራቢ!» አለ ንጉሡ ዳግመኛ።

«አለሁ!» አለ ጭቃው።

ታሙር መዳፉን አየ፤ የጨበጠው ባዶ አየር ነበር። «እማማ…» ብሎ ጀመረ። የቀረው ከአፉ ላይ ጠፋ።

ሲወጣ ሜራቢ እግሮቿ ታዝዘውላት፣ ገመዱን ፈትታ መጥታ፣ በመቃብሩ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችው።

«ከማን ጋር ወረድክ?»

«ብቻዬን… መሰለኝ።»

ከረጢቱን ቢከፍት ሁለት ዳቦ አገኘ። ትንሹን ከእህቱ ጋር ተካፈለ። ትልቁን ሊቆርስ ሲል እጁ እምቢ አለው፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ እንባው ወረደ።

በሄቡር ለሙት ዳቦ የሚቀመጠው ስሙ ተጠርቶ ነው። ታሙር ትልቁን ዳቦ በመቃብሩ ደፍ ላይ አኖረ። የሚጠራው ስም ግን አልነበረውም።

«የዚህ ዳቦ ባለቤት!» ብሎ ጮኸ።

ከኮረብታው ሥር፣ ከሩቅ፣ ቦይ ሲቆፍር የዋለ የሚመስል የደከመ የሴት ድምፅ መለሰ፤

«አለሁ!»