ከቆመበት የሚቀጥለው ሳጥን

ይህን ያነበበ ሁሉ ፈጠራ ነው እንደሚል አውቃለሁ። በሉ፣ አልከለክልም። እኔም ባላየው ኖሮ እንደዚያ እል ነበር።

ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጎንደር፣ ከፒያሳ ጀርባ። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ክፉ ነገር የሚመጣው ጨለማን ጠብቆ ነው የሚል ሰው ካለ... አላወቀም።

የኔን ልብስ ስፌት ቤትና ሰውነት የሚባለውን ጎረቤቴን በርሜል ማጠቢያ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ሰውነት ከድራፍት ቤቶች ባዶ የቢራ በርሜል ይሰበስባል፣ ያጥባል፣ ይመልሳል። ማሽኑን የበየደው ራሱ ነው። በርሜሉ ተደፍቶ ይቀመጣል። ፒስተን የሚሉት ወፍራም ብረት በአየር ግፊት ከላይ ወርዶ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ ሙቅ ውሃ፣ ቆዳ የሚልጠው የማጠቢያ ሶዳ፣ እንደገና ውሃ፣ በመጨረሻ እንፋሎት።

አራት ደረጃ። ይህን ያዙልኝ።

ቧንቧዎቹን በእጇ እየከፈተችና እየዘጋች የምትሠራው ወለላ ነበረች። የትክል ድንጋይ ከተማ ልጅ ናት፣ ሠላሳ አልሞላትም፣ እናቷን የምታኖረው እሷ ነች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሶዳ ጣቶቿን አንጥቷቸዋል።

ከቆርቆሮው ማዶ ሆና፣ "አያ፣ ዛሬም ሱሪ ነው የምታሳጥር? ጎንደር ውስጥ ረጅም ሰው ጠፋ?" ትለኛለች።

እኔም ምላሷን የሚያሳጥር መቀስ አጥቼ እንጂ ከሷ እጀምር እንደነበር እነግራታለሁ። እንዲህ ነበርን።

አንድ ቀን ሰውነት ማሽኑ ራሱን ችሎ ይሥራ አለ። ቧንቧዎቹን በተራቸው የሚከፍትና የሚዘጋ ኮንትሮለር ሊያስገጥምለት ፈለገ። ለማሽኑ ጭንቅላት የሚሆን ሳጥን ማለት ነው። ፊልጶስ የሚባል ቴክኒሻን ሁለት ይዞ መጣ።

አንዱ ትንሽና አዲስ ነው። መብራት ሲጠፋ ይቆማል። መብራት ሲመጣም ሰው አረንጓዴውን ቁልፍ ካልተጫነ ንቅንቅ አይልም።

ሌላው ትልቅና ያገለገለ ነው፣ ከአንድ ከተዘጋ ፋብሪካ የተነቀለ። መብራት ሲጠፋ የት እንደደረሰ ያስታውሳል። ሲመጣ ማንንም ሳይጠይቅ ከቆመበት ይቀጥላል።

ፊልጶስ ትንሹን መረጠ።

"መብራት ሲጠፋ ሰው እጁን ይከታል" አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሰውነት ግን እዚህ አገር መብራት በቀን አራት ጊዜ ይሄዳል፣ አራት ጊዜ ቁልፍ ስንጫን ልንውል ነው ወይ ብሎ ተከራከረው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ አንተስ ምን ትላለህ አለኝ።

እኔ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ካውያ ብቻ ነው። ግን ሰው ማሳቅ እወዳለሁ።

"የሚያስታውሰውን ውሰድ" አልኩት። "በዚህ ግቢ አንድ እንኳ የማይረሳ ይኑር።"

ሁሉም ሳቀ። ወለላም ሳቀች።

ትልቁ ተገጠመ።

ፊልጶስ በላፕቶፑ የድሮውን ትእዛዝ ደመሰሰና አራቱን ደረጃ ጻፈበት። ለእያንዳንዱ ደረጃ ሳጥኑ ላይ አንድ ትንሽ አምፖል ይበራል። የመጀመሪያው ቀን ሸጋ ነበር። ወለላ ባዶውን ታስቀምጣለች፣ የታጠበውን ታነሣለች። ሌላ ሥራ የላትም።

በሁለተኛው ቀን ቆርቆሮውን አንኳኳች።

"አያ... ና እስቲ።"

ሄድኩ። በርሜሉ ታጥቦ ተነሥቷል። ቦታው ባዶ ነው። ማሽኑ ማረፍ ነበረበት።

ፒስተኑ ወረደ።

ቀስ ብሎ... ምንም የሌለበትን ቦታ ተጭኖ ቆየ። ቆጠርኩ። ዘጠኝ ሰከንድ። ከዚያ ተነሣ።

ፊልጶስ ተጠርቶ መጣ። ላፕቶፑን ከፍቶ አየ። አራት ደረጃ ነው፣ አምስተኛ የሚባል የለም። ደምስሶ እንደ አዲስ ጻፈው። በማግሥቱ ያው ሆነ። ሰውነት ዘጠኝ ሰከንድ ማንን ገደለ ብሎ ሸኘው።

ከዚያ ያስተዋልነው ግን የባሰ ነበር። በርሜሉን ሰውነት ሲያነሣ ፒስተኑ አይወርድም። እኔ ሳነሣም አይወርድም።

ወለላ ስትጠጋ ብቻ...

ይወርዳል።

"እየለካኝ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "አንተ ሱሪ እንደምትለካው።"

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ትንሹ ሳጥን እንዲገባላት ሰውነትን ለመነችው። እሱ ምን አደረገ? የድራፍት ቤት ሰዎች በርሜል ሊወስዱ በመጡበት ሰዓት ጠራትና ማሽኑ አጠገብ አቆማት። ፒስተኑ ቀስ ብሎ ወረደ። እሷ ወደ ኋላ ሸሸች። ሰዎቹ በሳቅ ሞቱ። አንዱ ባል አገኘሽ አላት። ሰውነት ዓይኑን እየጠረገ፣ ከፈራሽ በሩ ክፍት ነው አላት።

እናቷን አስባ ሥራው ላይ ቆየች።

ማክሰኞ... ሰባት ሰዓት ተኩል።

በርሜሉ እየታጠበ ሳለ መብራት ጠፋ። ፒስተኑ ወደ ላይ ተመለሰ፣ በርሜሉ ግን ዘንበል ብሎ አፉ ከቧንቧው ጋር ተነክሶ ቀረ። የሚወስደው ሰው በር ላይ ቆሟል። ሰውነት ወለላን እጅሽን ከተሽ አላቅቂው አላት።

"መጀመሪያ ብሬከሩ ይጥፋ" አለች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የመብራት ማቋረጫ እያየች።

ሰውነት መብራት በሌለበት ምኑ ነው የሚጠፋው ብሎ ጮኸባት። እውነቱን ነው፣ ፒያሳ በሙሉ መብራት አልነበረም። የኔም ካውያ በርዷል።

ወደኔ አየች።

"አያ... ልክተት?"

ተነሥቼ ሄድኩና ብሬከሩን ራሴ አጠፋሁት። ጣቴን እላዩ ላይ እንዳደረግሁ ቆምኩ።

"አጥፍቼዋለሁ። ክተቺ።"

ከተተች።

መጀመሪያ የሰማሁት አየር ነው። ፍ...ሽ...

ፒስተኑ በአንዴ ቢወርድ ምሕረት ነበር። አልወረደም። እንደ ሌላው ቀን ቀስ ብሎ መጣ። ወለላ እጇን ስትስብ በርሜሉ ተንሸራትቶ ከብረቱ ጋር አጣበቃት።

"አያ... አጥፋው" አለች።

ጠፍቷል። ጣቴ ብሬከሩ ላይ ነው።

"አያ፣ አጥፋው..."

ከሰውነት ጋር ተረባርበን ብረቱን ወደ ላይ ገፋን። ግድግዳ የምንገፋ ነበር የሚመስል። ዘጠኝ ሰከንድ ነው፣ ዘጠኝ ሰከንድ ነው እያልኩ ቆጠርኩ። ዘጠኝ አለፈ። ሠላሳ አለፈ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። እሷም ከዚያ በፊት ድምፅ ማሰማት ትታለች።

ሲበቃው ተነሣ። በራሱ።

መብራት የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

እኔ ወለላን ባጃጅ ውስጥ ሳስገባ ሰውነት በርሜሉን በጨርቅ ጠረገና በር ላይ ለሚጠብቀው ሰው አስረከበው።

ሐኪም ቤት እጇን ከአንጓው ላይ ቆረጡት። ፊልጶስ ሳጥኑን ከግድግዳው ነቅሎ ሽቦውን ሁሉ ቆራርጦ ወደ ቤቱ ወሰደው። በቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ይሆናል አለኝ። ሲነግረኝ ፊቴን አላየም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጠይቃት ሄድኩ። ሰውነት ሙዝ ይዞ ቀድሞኛል። አልጋዋ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ለሚጠይቅሽ ሁሉ በራሴ ስሕተት ነው በይ እያለ ያባብላታል። እሷ አትሰማውም። ጣሪያውን ታያለች።

"ውሃው ጀመረ" አለች።

የምን ውሃ አልኳት።

"እጄ ላይ። ሙቅ ነው።"

የትኛው እጅሽ ልላት ነበር። ግራዋ አንሶላው ላይ ነው፣ ደረቅ። ቀኟ ፋሻው ጋ ያልቃል።

አዝመራ የምትባለው ነርስ የተቆረጠ እጅ እንዳለ ሆኖ መሰማቱ የተለመደ መሆኑን ነገረችን። ስንቱ ላይ አይታለች። ሰውነት ይህን ሲሰማ ተረጋግቶ ወጥቶ ሄደ።

ወለላ ፊቷ ተጨማደደ።

"ሶዳው... አያ፣ ሶዳው መጣ።"

ኮሪደር ላይ ወጥቼ ለፊልጶስ ደወልኩ። ሳጥኑ የት እንዳለ ጠየቅሁት። ጠረጴዛዬ ላይ አለኝ። ሽቦ ተቀጥሎበታል ወይ አልኩት። አንድም የለውም አለኝ። እስቲ እየው፣ የበራ ነገር አለ ወይ አልኩት።

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

"ሁለተኛው በርቷል" አለ ቀስ ብሎ። "ቆይ... አሁን ሦስተኛው።"

ከክፍሉ ውስጥ የወለላ ድምፅ መጣ።

"እንደገና ውሃ።"

ስልኩን ሳልዘጋ ሮጬ ገባሁ። ከውሃ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

እንፋሎቱ ሲመጣ እንዴት እንደሆነች አልጽፈውም። አዝመራ ፋሻውን ልትፈታ ያዘችውና ጣቶቿን ወዲያው መልሳ ወደ አፏ ከተተች። ያቃጥል ነበር።

ከዚያ ጩኸቷ ቆመ።

"ሁሉም ጠፋ" አለ ፊልጶስ በስልኩ።

ወለላ ላይ ጎንበስ አልኩ። ላቧን በመዳፌ ጠረግሁላት።

"አበቃ፣ ወለላ። አራት ነው። አራቱም አለፈ።"

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"አላበቃም፣ አያ... አየሩን እየሰማሁት ነው።"

ነጩ አንሶላ ላይ፣ ከፋሻው በታች፣ ቀኝ እጇ ሊያርፍበት ይገባ በነበረው ባዶ ቦታ፣ ጨርቁ ክብ ሆኖ ወደ ታች መስመጥ ጀመረ።

ቀስ ብሎ...