ውሃው ሲረጋ

«ምን ትጠብቂያለሽ? አንሺው እንጂ!» አለ ሰዓት ያዡ።

ልጅቷ ውሃውን ታያለች። ወደ ሐይቁ በገባው የእንጨት መድረክ ጫፍ ላይ ቆማ፣ ነጭ ጨርቅ የታሰረበትን ረጅም ዘንግ ጨምድዳ ይዛለች። ጨርቁን እናቷ ከአሮጌ የትራስ ልብስ ነው የሰፋችው። ከፍ ሲል ማዶ ድረስ ይታያል። ማዶ ደግሞ ወንድሟ ቀይዋ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ ይህንኑ ጨርቅ እየጠበቀ ነው።

የመሄጃውን ሩጫ ጨርሷል። በዚህ ሐይቅ ላይ ማንም በዚያ ፍጥነት ሄዶ አያውቅም። ክብረ ወሰን ግን በአንድ ሩጫ አይያዝም፤ ነፋስ ከኋላ ገፍቶት እንደሆነስ? ስለዚህ የተፈቀደለት ሰዓት ሳያልቅ በመጣበት መመለስ አለበት፤ የሚመዘገበው የሁለቱ አማካይ ነው። ችግሩ ጀልባዋ የምትቀሰቅሰው ማዕበል ነው። ሄዶ ዳሩን ይመታና ተመልሶ መሃል ላይ ይንከራተታል። በዚያ ፍጥነት የምትበር ጀልባ ትንሽ ሞገድ ከነካት አፍንጫዋ ይነሳል፤ ከተነሳ ደግሞ አለቀ። አባቷ «ውሃ ቂመኛ ነው፤ ያስቀየምሽውን ሳይረሳልሽ አትመለሺበት» ይል ነበር።

ውሃው መርሳቱን አይታ ጨርቁን በማንሳት የምትናገረው እሷ ናት። ሌላው ሰው ሜዳ ነው ብሎ በሚያልፈው ውሃ ላይ እሷ እጥፋት ይታያታል። አባቷ «ዓይኔ» ብሎ የሚጠራትም ለዚህ ነበር።

አሁን ግን አንድም እጥፋት አይታያትም። ሐይቁ ሳፋ ውስጥ ያደረ ውሃ ይመስል ረግቷል።

ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያን ቀን ቀይዋ ውስጥ ሆኖ ማዶ ጨርቁን የሚጠብቀው አባቷ ነበር፤ ከተራራው በኩል ደመና መጣ። ነፋስ ሊነሳ፣ ዕድሉም ሊያመልጠው ነው። ልጅቷ ጨርቁን ገና አላነሳችም ነበር። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ «ገና ነው! ገና ነው!» ብላ ጮኸች፤ በዚያ ርቀት ማን ይሰማታል? ቀይዋ መሃል ላይ ስትደርስ ብድግ አለችና በጀርባዋ ተገለበጠች። ጀልባዋን ያኔውኑ ጎትተው አወጧት። አባቷን ግን ውሃው ቶሎ አልሰጣቸውም።

ከዚያ ወዲህ እቤታቸው ስለ ፍጥነት የሚያወራ ጠፋ። ወንድሟ በአባቱ ቦታ ገብቶ የዓሣ አጥማጆችን ሞተር ይጠግናል፤ ሥራ ሲጨርስ ከጋራዡ ጀርባ ሸራውን ገልጦ ቀይዋን እየቀጠቀጠ ያድሳል። እናታቸው ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ልጅቷም ብትሆን ጉደኛ ናት፤ ቀይዋን እየጠላቻት ሄዳ መፍቻ ታቀብላለች። ሕፃን ሳለች አባቷ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያከንፋት፣ ጀልባዋ ውሃውን ለቀቅ የምታደርግበትን ቅጽበት እስካሁን አልረሳችውም። አባቷን የገደለው ነገር ዛሬም ያምራታል፤ ይህም ያቃጥላታል።

ትናንት ወንድሟ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ዘንጉን ያዥልኝ።»

«አልይዝም፣ ጋሼ።»

«አንቺ ካልያዝሽው ውሃና ሰማይ የማይለይ ሰው ነው የሚይዘው። ጨርቁ ካልተነሳ እኔ አልመጣም። አባባ ይ…» ብሎ ጀመረና የለመደው መሐላ አፉ ላይ ቀረ። «አንቺን ይንሳኝ፣ ንቅንቅ አልልም» አለ በመጨረሻ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናቷ በር ላይ አስቁማ የሹራቧን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈችላት። «ጨርቁ በእጅሽ ነው። ዕወቂበት» አለቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው'ኮ! ረግቷል!» አለ ሰዓት ያዡ እንደገና።

«ከሥር ይንቀሳቀሳል» ብላ ዋሸች።

ሰዓት ያዡ ውሃውን አየ፤ እሷን አየ። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ…» አለና ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። የአባቷ ዓይን መሆኗን ሁሉም ያውቃል።

ዘንጉ አልተነሳም። ሰዓት ያዡ «በቃ፣ አለፈ፤ ነገ ጠዋት እንሞክራለን» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ፣ ከማዶ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ቀይዋ ቀስ ብላ መጣች። ወንድሟ ገመዷን አሰረ፤ የራስ ቁሩን አወለቀ።

«ጋሼ… ውሃው…»

«አይቼዋለሁ። እኔ ጋም ረግቶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«ጨርቁ አልተነሳማ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሁለት ዓመት አምቃው የነበረው ለቅሶ ድንገት ገነፈለ።

«እሱ አልጠበቀኝም» አለች። «እየጮህኩ፣ ጋሼ፣ አልጠበቀኝም!»

«አውቃለሁ።» እርጥቡ እንጨት ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ግራሶ በነካው እጁ ፊቱን ሲጠርግ እሱም እያለቀሰ መሆኑን አየች።

«ይቅርብህ በቃ። እለምንሃለሁ።»

«ልተወው ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም» አለ፤ አፍሮ ነበር። «ነገም ካላነሳሽው አልመጣም። ግን አትዋሺኝ። አንዴ ከዋሸሽኝ በጨርቁ መተማመን እተዋለሁ። የገዛ ዓይኔን ማመን እጀምራለሁ። አባባም የራሱን ዓይን አምኖ ነው የመጣው።»

ውሃው የመድረኩን እግሮች በዝግታ ይነካል።

«ከረጋ አነሳዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ተቆራረጠ። «ካልረጋ ግን ሰማዩ ቢጠቁርም…»

«ንቅንቅ አልልም።» ከዚያ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አየ። «የነገውን ለእማዬስ ማን ይነግራታል?»

ልጅቷ ዘንጉን ተሸክማ ፊት ፊት ሄደች።

እናታቸው ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ከልጅቷ ኋላ ልጇን በእግሩ ሲመጣ ስታየው «ተመስገን!» ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። ከዚያ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካዩዋት ሁለት ዓመታቸው ነው።

«አበቃ፣ አይደል?» አለች፤ የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ። «የኔ ብልህ፣ አበቃ አይደል?»

ልጅቷ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። የእናቷን እጆች ከጉንጮቿ ሳታላቅቅ፣

«እማዬ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ» አለቻት።